በሩ በቀኝ በኩል ነበር

ኡም ሳሌህ ያን ቀን ጠዋት ለምን ዝም አሉ?

ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ዓመታት አለፉ። አንዳንድ ቀን መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል፤ በሌላ ቀን ሳስበው ደግሞ ልክ አይመጣም። እሳቸውም ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ፣ በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሙሉ እባላለሁ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያደግኩት ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠብኩ ነው። ትምህርት ቤት ያስገባኝ ሰው አልነበረም። ፊደል የለየሁት የሻይ ቤቱ መስኮት ላይ በቀይ ቀለም ከተጻፈው ማስታወቂያ ነው። ደንበኞች ጮክ ብለው ሲያነቡት እየሰማሁ፣ ጠረጴዛ ላይ በፈሰሰ ሻይ በጣቴ እጽፈው ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ የምታውቂውን ጻፊ አሉኝ፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት አይተው ሳቁ። ሁሉንም ፊደል የጻፍኩት ግራና ቀኙን አገላብጬ ነበር። ማስታወቂያው የተጻፈው ለመንገደኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ያነበብኩት ከውስጥ በኩል ሆኜ ነው።

መምህሩ አልሳቁም። ወረቀቱን ከደብተሬ ገንጥለው፣ ጀርባውን ወደ እኛ አዙረው አምፖሉ ፊት ያዙት። በብርሃኑ ውስጥ ሁሉም ፊደል ቀና ብሎ ታየ።

«ልጅቷ ፊደሉን አልሳተችም» አሉ፤ «የቆመችው በወዲያ በኩል ነው።»

ያንን ወረቀት አልረሳውም። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ሪያድ ስሄድ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደላላው ከመሄዴ በፊት የመከረኝ አንድ ነገር ነው። «ማንበብ ትችያለሽ ወይ ቢሉሽ አልችልም በይ። የምታነብ ሠራተኛ ታስፈራቸዋለች፤ ወረቀታቸውን ታይብናለች ይላሉ።» ማዳም በሩ ላይ ተቀብላ የጠየቀችኝ ሁለተኛው ጥያቄ ይኸው ሆነ።

«ታነቢያለሽ?»

«ላ፣ ማዳም።»

ያቺን አንዲት «ላ»፣ ያቺን «አልችልም»፣ ሁለት ዓመት ተሸከምኳት። ቀን ሥራዬን እሠራለሁ፤ ሲመቸኝ ክፍሌን ዘግቼ አነባለሁ። ዕቃ ቤት ውስጥ የቤቱ ልጅ የሪም የአንደኛ ክፍል መጻሕፍት በካርቶን ተቀምጠው ነበር። አረብኛ ንባብ የተማርኩት ከእነሱ ነው፤ አንዱን እመልስና ሌላውን አወጣለሁ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ የቤቱ ሹፌር ከማል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሹፌር ከመሆኑ በፊት ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ሦስት ዓመት ጭኖ አውርዷል። ጀራዲያ ሰፈር ከሚኖር ያገሩ ልጅ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት ለምኖልኝ፣ ከሰላጣና ከጎመን ስር ደብቆ ያመጣልኝ እሱ ነው።

«ያላ ፕሮፌሰር፣ አትክልትሽን ተቀበይ» ይለኛል ዘንቢሉን ሲያቀብለኝ። «የዛሬው ጎመን ፊዚክስ ፊዚክስ ይሸታል።»

በቤቱ ውስጥ ሪም፣ እናቷ ማዳም፣ አባቷና አያቷ ኡም ሳሌህ ይኖራሉ። እሳቸውን ሁላችንም ጀዳ ነው የምንላቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። የሪም አባት የበኩር ልጃቸው ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነበር። ወጡ ውስጥ ያለውን የቅመም ዓይነት በማሽተት ብቻ ይቆጥሩልኛል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2015፣ ሪም ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ስትል ነው። የምታጠናው ኮምፒውተር ነው። ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠችው ጀዳ የተዳሩበትን፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የፈረሰውን የጭቃ ቤት ነው። ከቤቱ የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም የፊት ለፊቱን ያሳያል። የቀረውን ጀዳ እየነገሯት ግድግዳ በግድግዳ ኮምፒውተሯ ላይ ሠራችው። ከዚያ አንድ ጠፍጣፋ ስክሪን ጠረጴዛ ላይ አጋደመችና፣ በላዩ ላይ ከንጹሕ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጫፉ ወደ ታች የተደፋ ፒራሚድ አቆመች። መጋረጃው ተዘግቶ ስክሪኑ ሲበራ ቤቱ ፒራሚዱ ውስጥ አየር ላይ ቆሞ ይታያል። በአራቱም ጎን ዞራችሁ ታዩታላችሁ፦ ፊቱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን። ሪም ሆሎግራም ትለዋለች።

ፕላስቲኩን ሱለይ ሰፈር ካለ ጋራዥ አስቆርጦ ያመጣው ከማል ነው። ሲበራ ገርበብ ባለው በር አይቶት ኖሮ ኩሽና ድረስ መጣ።

«እህቴ፣ አይተሽዋል? ቤት ነው፣ ግን የለም! አቧራ እንኳ አይዝም። አንቺ ሥራ ልትፈቺ ነው።»

«አቧራውማ ፕላስቲኩ ላይ ነው» አልኩት።

እውነቴን ነው። የጣት አሻራ እንኳ ቢያርፍበት አየር ላይ እንደ ጉም ይታያል። ፒራሚዱን መወልወል የተፈቀደው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ መስታወትና ብርጭቆ ስላጠብኩ መስመር አልተውም። ኮምፒውተሩን መንካት ግን ክልክል ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ውሃ ደፍታ በሦስተኛው ቀን አገሯ ተሸኝታለች። ማዳም ይህን በወር አንድ ጊዜ ታስታውሰኛለች።

እሮብ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሪም ጀዳን ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸውና ከፒራሚዱ ፊት አስቀመጠቻቸው። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መምህራን ፊት ታቀርበዋለች። ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች፤ የጀዳ ደስታ እንዲያመልጣት አልፈለገችም። ማዳም ቆማለች። እኔ መጋረጃውን ዘግቼ ጥግ ይዣለሁ። ስክሪኑ በራ።

ጀዳ ብዙ ጊዜ አዩት። ቀኝ እጃቸው ከጭናቸው ተነሳ፤ በር እንደሚከፍት ሰው ወደፊት ተዘረጋና አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «የማን ቤት ነው?»

ሪም ሳቀች። «ያንቺ ነዋ፣ ጀዳ!»

«የኔ አይደለም።»

«ጀዳ፣ አንቺ እኮ ነሽ የነገርሽኝ። በሩ በቀኝ ጫፍ፣ የቴምሩ ዛፍ በግራ።»

«እኔ የነገርኩሽ ልክ ነው። ይሄ ግን የሰው ቤት ነው።»

ሪም ላፕቶፑን አንስታ ወደ ፊታቸው አዞረች። «እዚህ ላይ እዪው፤ በሩ ይኸው በቀኝ አይደል?»

«እሱ ያብለጨልጭብኛል፤ አይታየኝም። በሰው ቤት ላይ ስሜን እንዳትጠሪ።» ተነሱና ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ።

ሪም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማዳም ጎንበስ ብላ ጀርባዋን እያሻሸች፣ «ኸላስ፣ በቃ ልጄ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለቻት። «ስፈራው የነበረ ነው። ሰው የተዳረበትን ቤት ከረሳ አእምሮው ሄዷል ማለት ነው። ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን።»

እኔ ጨርቄን ይዤ ፒራሚዱን አያለሁ። በሩ በግራ ነው። ላፕቶፑን አየሁ፤ በሩ በቀኝ ነው። እንደገና ፒራሚዱን አየሁ። የአየር ላይ ቤት ብለን እንጠራዋለን እንጂ፣ ያየነው ስክሪኑ ላይ የተጋደመው ምስል ፕላስቲኩ ላይ ሲንጸባረቅ ነው። መስታወት ደግሞ ግራና ቀኝ ይለዋውጣል። ሪም ሁለት ወር ሙሉ ያየችው ላፕቶፑን ነው፤ ልክ መሆኑን ስለምታውቅ ፒራሚዱ ውስጥ ያለውን በር አላየችም፤ የምታውቀውን አየች። ጀዳ ግን እጃቸው በሩን በቀኝ ፈልጎ አጣው። የማታ ትምህርት ቤቱ ወረቀት ትዝ አለኝ። ልክ የነበሩት ጀዳ ናቸው።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ማዳም ቀና አለች። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም፣ ማዳም። መጋረጃውን ልክፈት?»

ኩሽና ስገባ ለከማል ነገርኩት። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ።

«ዝም በይ፣ በአላህ። እንዴት አወቅሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ? ሁለት ዓመት ዋሽቻችሁ ነበር? ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ በማን እጅ ነው?»

«ሴትዮዋን እብድ ሊሏቸው ነው እኮ።»

«ሀብታም ናቸው፤ ሐኪም ያያቸዋል። አንቺን ማን ያይሻል?»

ልክ ነበር።

ሐሙስ ከንጋት ሰላት በኋላ ቤተሰቡ ተመልሶ ተኛ። እኔ እንደ ልማዴ ልወለውል ገባሁ። ሪም ሁሉንም እንደበራ ትታው ነበር። ፒራሚዱን ወለወልኩ። ስክሪኑን የሚያዘው ላፕቶፕ አጠገቡ ነው። እጄን በቀሚሴ አደረቅኩ፤ ሁለት ጊዜ።

መንካት ነበረብኝ? ዛሬም አላውቅም። ማውሱን ግን ያዝኩት። በላይ በኩል በአረብኛ የተጻፉ ቃላት ተደርድረዋል። ጣቴን ከስራቸው እያስኬድኩ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ በከንፈሬ አነበብኩ። «የምስል ማስተካከያ» የሚል አገኘሁና ነካሁት። ከስሩ ሁለት መስመር ወረደ፤ ሁለቱም ገልብጥ ይላሉ፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ታች። ቸኩዬ የታችኛውን ነካሁ።

ስክሪኑ ላይ የተጋደሙት የፊትና የጀርባ ምስሎች ቦታ ተለዋወጡ፤ ቤቱ ጀርባውን ሰጠኝ። በር የለ፣ መስኮት የለ፤ የጀርባው ድፍን ግድግዳ ብቻ። አበላሸሁት አልኩ፤ ሁለት ወር የተለፋበትን አጠፋሁት። ወጥቼ ልሮጥ አሰብኩ። ግን ሮጬ የት እሄዳለሁ? ቁጭ አልኩና እንደገና አነበብኩ። የነካሁትን መልሼ ነካሁት፤ የቤቱ ፊት ተመለሰ። ከዚያ የላይኛውን፣ ወደ ጎን የሚለውን።

በሩ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ቴምሩ ወደ ግራ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለችና «ለውጡ ይቀመጥ?» ስትል ጠየቀች። «አዎ» የሚለውን ነካሁ።

«ታነቢያለሽ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ጀዳ ናቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። እሳቸው ግን አልፈውኝ ሄደው የትናንቱ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው ተነሳ። በዚህ ጊዜ አየር ላይ አልቀረም፤ በሩ ካለበት ደረሰና ጣቶቻቸው እንደ መክፈቻ ዞሩ።

«ቢስሚላህ» አሉ፤ ወደ ቤት እንደሚገባ ሰው።

ማዳም ያኔ ነው የገባችው። «ሙሉ! ኮምፒውተሩ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ከወለሉ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ የጠራኋት» አሉ ጀዳ፣ ሳይዞሩ። «መጋረጃውን ዝጊልኝ ብያት ነው። ቤቴን ለማየት።»

«ቤትዎን?» ማዳም ሪምን ጠራቻት። ሪም ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ጀዳ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የኔ ነዋ።»

ሪም አቀፈቻቸው፤ ሳቀችም አለቀሰችም። ከትከሻቸው በላይ ከእናቷ ጋር ተያዩ። ማዳም ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ደህና ናት። ትናንት ነው የጠፋባት» አለች። «እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ይመጣል ይሄዳል ይላሉ።»

ጀዳ ሰሙ። ጆሯቸው ከእኔ ይበልጥ ይሰማል። ትናንትም አልጠፋብኝም፣ ምስሉ ነበር የተገለበጠው፣ ይህቺ ልጅ አሁን አስተካከለችው ማለት ይችሉ ነበር። ተናግረው ስማቸውን መመለስ ይችሉ ነበር። እኔን አዩኝና መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ።

የሪም ሥራ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተወደደላት፤ መምህራኑ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየዞሩ አዩት። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ተጀመረ። ማዳም የጀዳን የሣጥን ቁልፍ ወሰደች፤ «ትጥልብናለች» ብላ። ወደ ግቢ ብቻቸውን መውጣት ቀረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባለፈው የራሷን ቤት እንኳ…» እየተባለ ይወራል። እኔ ቴምር ይዤ እገባለሁ፣ እሰማለሁ፣ እወጣለሁ። ስድስት ጊዜ ሰማሁት። ጀዳ አንድም ጊዜ አላስተባበሉም። ያስተካከልኩት ምስሉን ነው፤ የሴትዮዋን ቃል ግን እንደተገለበጠ ተውኩት።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከእናንተ መካከል እንደኔ አንድ «ላ» ተሸክሞ የሚኖር አይጠፋም። የማውቀውን ብናገር እጎዳለሁ ብሎ የሚያስብ። አልፈርድበትም፤ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ዝምታዬ የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ዋጋውን ግን ሌላ ሰው ይከፍልልኝ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ፣ የሕንፃ ንድፍ በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ገና ያልተሠሩ ቤቶችን ኮምፒውተር ላይ አቆማለሁ። ሥራዬን ሳስረክብ ግራና ቀኙን ሦስት ጊዜ ስለማይ፣ ባልደረቦቼ «በሩ አልሸሸም፣ ሙሉ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ወደዚህ ወንበር የሚያመጣው መንገድ የተከፈተልኝ፣ ከዚያ ሐሙስ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ መኪና ውስጥ ነው።

ጀዳን ወደ ሐኪም እየወሰድናቸው ነበር። ከማል ይነዳል። ከኋላ ጀዳ በመስኮቱ በኩል፣ ሪም መሐል፣ እኔ በሌላው ጎን። ሪም ጭኗ ላይ ሐኪሙ ቀድሞ የላከውን ቅጽ እየሞላች ነው። ብዕሯ ወደ አምስተኛው ጥያቄ ወረደና «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁም። ጣቴን ከመስመሩ ስር አኖርኩና በአረብኛ፣ ጮክ ብዬ፣ አነበብኩት።

«የሚያውቁትን ቦታ ወይም የኖሩበትን ቤት መለየት ያቅታቸዋል ወይ? … ይሄ ስህተት ነው፣ ሪም። አያቅታቸውም።»

በመኪናው መስታወት ውስጥ የከማልን ዓይኖች አየሁ። «ወይኔ እህቴ» አለ በአማርኛ፣ ለራሱ ያህል።

ሪም ጣቴን አየች፤ ከዚያ ፊቴን። «ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ። የእሮቡን ቪዲዮ ክፈቺው።»

«ልከፍተው አልችልም፤ ያስለቅሰኛል።»

«እባክሽ። እጃቸውን ብቻ እዪ፤ ከዚያ በሩን።»

ከፈተችው። በትንሿ ስክሪን ላይ የጀዳ ቀኝ እጅ ተነሳ፣ ተዘረጋ፣ አየር ላይ ቀረ። በሩ በግራ ነበር። ሪም አቆመችው። መልሳ አየችው። ከዚያ አሮጌውን ፎቶ ከስልኳ ፈልጋ አወጣች፤ በሩ በቀኝ ነው። አፏን በእጇ ያዘች።

«ነጸብራቅ» አለች በመጨረሻ። «ነጸብራቅ መሆኑን እንዴት ረሳሁ? ሐሙስ ግን… ማን ነው ያስተካከለው?»

«እኔ ነኝ። ነክቻለሁ። ለእናትሽም እኔው እነግራታለሁ።»

ሪም ወደ ጀዳ ዞረች። «ጀዳ፣ አንቺ ታውቂ ነበር? አይተሻት ነበር? ይሄን ሁሉ ሲሉሽ ለምን ዝም አልሽ?»

ጀዳ መስኮቱን እያዩ ነበር። «ደርሰናል?» አሉ።

«ገና ነን፣ ጀዳ» አለ ከማል።

ስለዚህ ነገር ሌላ አልተናገሩም። ያኔም፣ ከዚያም በኋላ።

ሪም ብዕሯን አንስታ ምልክቷን ሰረዘችና «አይደለም» የሚለው ላይ አደረገች። ከዚያ ቅጹን አንስታ እኔ ጭን ላይ አኖረችው።

«ዓይኔ እንባ ሞልቶ አይታየኝም» አለች። «የቀረውን አንብቢልኝ።»

ጣቴን ከቃሉ ስር አደረግሁና ስድስተኛውን ጥያቄ ማንበብ ጀመርኩ።